ክሊኒካችሁ ውስጥ ጊዜ የሚበላው የትኛው በር ነው? ከሶፍትዌር በፊት የሚመረጡ ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ መካከለኛ የግል ክሊኒክ እንውሰድ። ሁለት ዶክተሮች፣ ጥቂት ሲስተሮች፣ አንድ ላቦራቶሪ፣ አንድ ካርድ ክፍል፣ አንዲት ካሸር። ታካሚው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ዶክተሩ ፊት የሚቀመጠው፣ መጀመሪያ ሲታይና ውጤት ሲያሳይ ተደምሮ፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ወደ ቤቱ የሚሄደው ግን 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የቀረውን ጊዜ ወንበርና ኮሪደር በልተውታል።

ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ቶሎ የሚመጣላቸው መፍትሔ "ሲስተም እናስገባ" ነው። ሻጩም ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። ስክሪኑ ያምራል፣ ዋጋው ትንሽ ያስደነግጣል። ሶፍትዌር አልጠላም። ግን ኮምፒውተር ሰውን ከካሸር ወደ ላብ፣ ከላብ ወደ ዶክተር ከመመላለስ በራሱ አያድነውም። ምልልሱ ካልቀነሰ የምታገኙት በኮምፒውተር የተመዘገበ ምልልስ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምርጫዎች የማነጻጽራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ታካሚውንና ሠራተኛውን ከስንት ምልልስ ያድናሉ?

መጀመሪያ ሰዓት ይጻፍ

ምርጫ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር ቁራጭ ወረቀት አያይዙ። ታካሚው በየበሩ ሲደርስና ሲወጣ ያለው ሠራተኛ ሰዓት ይጻፍበት። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ሲስተሯ ግፊትና ሙቀት የምትለካበት)፣ ዶክተር፣ ካሸር፣ ላብ፣ እንደገና ዶክተር፣ መርፌ ክፍል። ሠራተኛው መጀመሪያ ያጉረመርማል። "ልንቀጣ ነው?" የሚልም አይጠፋም። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን በር እንደሆነ ንገሯቸው፤ የሠራተኛ ስምም አታስጽፉ።

ለምን ይጠቅማል? ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው አንድ ቀላል ስሌት አለ። በሰዓት የሚመጣውን ሰው አንድ ሰው በሚቆይበት ሰዓት ብታባዙት፣ በአማካይ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ብዛት ይሰጣችኋል። በሰዓት 12 ሰው የሚመጣ ከሆነና እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚቆይ ከሆነ፣ ውስጥ 30 ሰው አለ። አስታማሚ ሳይቆጠር! ቆይታውን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ብታወርዱት 18 ይሆናል። ማቆያው ጠበበን ብላችሁ ጎን ያለውን ቤት ልትከራዩ ከሆነ ይህን ስሌት ቀድማችሁ ሥሩ።

ክፍያ፦ በየደረጃው፣ በመጨረሻ ወይስ በስልክ?

ብዙ ክሊኒክ ውስጥ ትልቁ ማነቆ እዚህ ነው። የተለመደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ታካሚው ካርድ ለማውጣት ይከፍላል። ዶክተር ይገባል። ምርመራ ይታዘዝለታል። ለምርመራው ሊከፍል ይመለሳል። ደረሰኙን ይዞ ላብ ይሄዳል። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተር ይገባል። አልትራሳውንድ ከተጨመረ እንደገና ካሸር። መርፌ ከታዘዘ አሁንም ካሸር። ያቺ አንዲት ልጅ በአንድ መስኮት አዲስ መጪውንም፣ የላብ ከፋዩንም፣ የመርፌ ከፋዩንም ታስተናግዳለች። ዝርዝር የሌለው ሰው ባለ 200 ብር ሲዘረጋ ደግሞ ሁሉም ይቆማል።

በየደረጃው ማስከፈል ጥቅም የለውም አልልም። ያልተከፈለበት አገልግሎት አይወጣም። ታካሚውም ዋጋውን ቀድሞ ያውቃል፤ አቅሙ ካልፈቀደ "ዶክተር፣ ዋነኛውን ብቻ እዘዙልኝ" ብሎ መመለስ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ጊዜ ማስከፈል ለታካሚው ይመቻል። ግን መንገድ ላይ ያለ ክሊኒክ ሁሉንም ዓይነት ሰው ነው የሚያስተናግደው። ሳይከፍል የሚወጣ ይኖራል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መውጫ ላይ ያልጠበቀው ሒሳብ ሲመጣበት የሚነሳው ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ለድርጅት ታካሚዎች ግን አስገዳጅ ነው እላለሁ። መሥሪያ ቤታቸው በዱቤ ውል ገብቶ፣ ደብዳቤ ይዘው መጥተው፣ ለማኅተም ብቻ ከጥሬ ገንዘብ ከፋዮች ኋላ የሚሰለፉበት ክሊኒክ አለ። ደብዳቤው ካርድ ክፍል አንዴ ይመዝገብ፣ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግ፣ ከዚያ በኋላ ካሸር ጋር ምንም ሥራ የላቸውም።

ቅድሚያ ገንዘብ ማስያዝስ? ለሚተኛ ታካሚ ልክ ነው። ለተመላላሽ ግን ትርፉን ለመመለስ ሌላ ወረፋ ይፈጥራል። እለፉት።

በስልክ መክፈል አሁን የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ አለ፤ ሲቢኢ ብርም አለ። የክፍያ ኮዱን ላብ በር ላይ ብትለጥፉት ታካሚው ወደ ካሸር ሳይመለስ እዚያው ይከፍላል። ግን ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ፍቱ። አንደኛ፣ ገንዘቡ መግባቱ የሚታየው በታካሚው ስልክ ሳይሆን በክሊኒኩ ስልክ መሆን አለበት፤ ስክሪንሾት የትናንትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ መቆረጡ አይቀርም፤ ካሸሯ ቆርጣ ወደ ላብ የምትልክበት መንገድ ይኑር። ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ ይታወቅ።

የእኔ ምርጫ? በየደረጃው ማስከፈሉን አትተዉ፤ መስኮቱን ግን ለሁለት ክፈሉት። አዲስ ካርድ የሚያወጣው ካርድ ክፍሉ ራሱ ይቀበል፤ የምርመራና የመርፌ ክፍያ ለብቻው ይሁን። የላብ ማዘዣ ወረቀታችሁ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምርመራ ጎን ዋጋው ታትሞ ይቀመጥ። ዶክተሩ ምልክት ሲያደርግ ታካሚው ድምሩን እዚያው ያውቃል፤ ካሸር ጋ ደርሶ፣ ተደናግጦ፣ ወደ ዶክተር መመለሱ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወረቀት ማሳተምና አንድ ጠረጴዛ ማዛወር ነው።

የውጤት አሳዪዎች ነገር

የዶክተር በር ላይ የሚነሳውን ጠብ የማያውቅ የለም። "እኔ ውጤት ነው፣ አንዴ ላሳይ ብቻ!" ይላል አንዱ። ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ደግሞ "ሁላችንም አንዴ ነው" ይላል። ሲስተሯ መሃል ገብታ ትሰደባለች።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። ውጤት የያዘ ቀድሞ ይግባ ማለት አንዱ ነው። ፈጣን ይመስላል። ረፋድ ላይ ግን ላብ ውጤቱን በአንድ ላይ ስለሚያወጣ አምስት ስድስት ሰው ተከታትሎ ይገባና አዲሱ ታካሚ ለግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ውጤቱም ወረፋውን ይጠብቅ ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሰውዬው አንዴ ተሰልፏልና። ቆይታውንም ከሁሉ በላይ የሚያስረዝመው ይሄኛው ነው።

ሦስተኛው ተራ በተራ ነው። አንድ አዲስ፣ አንድ ውጤት። ጥሪውን ሲስተሯ ታድርገው፤ ካርዶቹም በሁለት ትሪ ይቀመጡላት። ደንቡ በትልቅ ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሰው ደንብ ካየ ይታገሣል፤ የማይታገሠው ሲስተሯ በትውውቅ የምታስገባ ሲመስለው ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት፣ በጣም የታመመና አዛውንት ከደንቡ ውጪ ናቸው፤ ያንን ማንም አይከራከርም። "እማማ፣ ይግቡ" ሲባል ተቃውሞ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ዶክተር ካላችሁ አንዱን ለውጤት ብቻ የማድረግ ሐሳብም ይነሳል። አልወደውም። ውጤቱን የሚያነበው ታካሚውን መጀመሪያ ያየው ሐኪም ቢሆን ነው የሚሻለው። አለዚያ ታሪኩ ከሀ ይጀመራል፤ ጊዜውም እዚያው ነው።

ቀጠሮ ወይስ የመጣ ይታይ?

የቀጠሮ ነገር በደንብ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዌልች እና ቤይሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ደንብ ዛሬም ይሠራል፦ ሥራ ሲጀመር ሁለት ሰው ቅጠሩ፣ ቀሪዎቹን አንድ ታካሚ በአማካይ በሚፈጀው ጊዜ ልዩነት አንድ በአንድ። አማካዩ 10 ደቂቃ ከሆነ ለ3 ሰዓት ሁለት ሰው፣ ለ3፡10 አንድ፣ ለ3፡20 አንድ። አንዱ ቢዘገይ ዶክተሩ ባዶ አይቀመጥም። ሁሉንም "ጠዋት 3 ሰዓት ኑ" ማለት ግን ቀጠሮ አይደለም፤ ቀን የተጻፈበት ወረፋ ነው።

በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ውስጥ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለ ትልቅ የጤና ድርጅት ይሠራ የነበረው ዶክተር ማርክ መሪ ያስፋፋው አካሄድ አለ። ሐሳቡ የዛሬን ሥራ ዛሬ መጨረስ ነው፤ አብዛኛው ሰዓት ክፍት ይተዋል፣ የደወለ ሰው በዕለቱ ይታያል።

እኛ ጋ ንጹሕ ቀጠሮ አይሠራም። ከክፍለ ሀገር የመጣን ሰው "ሐሙስ ይመለሱ" አትሉትም። ታክሲና ዝናብም አሉ። ንጹሕ ወረፋ ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚን በየወሩ ግማሽ ቀን ያስቀጣዋል። ስለዚህ ቅልቅሉ ነው የሚያዋጣው። ጠዋቱ ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ለክትትል ይቀጠር። ግፊትና እርግዝና ለዚህ ይመቻሉ። ስኳር ግን በጾም ስለሚለካ ከሰዓት አይሆንም። ለእነሱ በሩን ቀደም ብላችሁ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ክፈቱ። ደም ይሰጣሉ፣ ሄደው ቁርስ ይበላሉ፣ በተቀጠረላቸው ሰዓት ውጤታቸው ተዘጋጅቶ በቀጥታ ዶክተር ይገባሉ። ዶክተር ጋ ሁለት ጊዜ ከመግባት አንዱ ቀረ ማለት ነው።

ቀኑን ስትመርጡ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ብዙ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ደግሞ ጁምአ አለ።

የማስታወሻ መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር ካላችሁ አንድ ነገር ፈትሹ። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋቱን ለማለት የላከው "ቀጠሮዎ 9፡00 ነው" የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ከች ይላል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ለገና ወይም ለክረምት ከውጭ የመጣው ዘመዳችሁ ደግሞ "3 ሰዓት" ስትሉት ከሰዓት ሊመስለው ይችላል። "ጠዋት"፣ "ከሰዓት" የሚለው ቃልና የሳምንቱ ቀን ስም ሁልጊዜ አብረው ይጻፉ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን።

ላብ ውስጥ ብዙ የሚመረጥ የለም

እዚህ ጊዜውን የሚወስነው ሰው ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው። ሰገራና ሽንት ቶሎ ይደርሳሉ። የደም ሴል ቆጠራ በማሽን ደቂቃዎች ነው። ለኬሚስትሪ (እንደ ኩላሊትና ጉበት ላሉት የደም ምርመራዎች) ግን ደሙ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጅ። ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴሎች የሚዘቅጡበትን ፍጥነት የሚለካው ምርመራ) በተለመደው ዘዴ አንድ ሰዓት ይቆማል፤ ብትለምኑትም አይፈጥንም።

የሚመረጠው ነገር ይህ ነው፦ ናሙናን አጠራቅሞ በአንድ ዙር መሥራት ወይስ እንደመጣ? ማጠራቀም ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ይቆጥባል፣ ታካሚን ያስጠብቃል። እኔ ብሆን ፈጣኖቹን እንደመጡ፣ ኬሚስትሪውን በታወቀ ሰዓት በየዙሩ አሠራለሁ፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነም ለታካሚው አስነግራለሁ። "ትንሽ ይጠብቁ" ከሚባል "5 ሰዓት ላይ ይደርሳል" ቢባል፣ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

ካርድ፦ ወረቀት፣ ኤክሴል ወይስ ሙሉ ሶፍትዌር?

አሁን ወደ ውዱ ጉዳይ ደረስን።

ወረቀት ተንቋል። ያለ አግባብ ነው የተናቀው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፣ ሥልጠና አይፈልግም፣ ዶክተሩም ታካሚውን እያየ ይጽፍበታል። ችግሩ ካርዱ ሲጠፋ ነው። ካርድ የሚጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተሰርቆ ሳይሆን ያለ ቦታው ገብቶ ነው። ለዚህ ሁለት ርካሽ ዘዴ አለ። አንዱ ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ባለ ቀለም ካርቶን ማስገባት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ማን እንደወሰደው ይጻፋል። ሌላው በካርድ ቁጥሩ መጨረሻ ሁለት አኃዝ መደርደር ነው። 100 ክፍል ይኖራችኋል፣ አዲስ ፋይልም በሁሉም ላይ እኩል ይሰራጫል። ጥቂት ሺህ ፋይል ብቻ ካላችሁ ግን በተራ ቁጥር መደርደሩ ይበቃል።

ኤክሴል ለብቻው የሕክምና መዝገብ ሊሆን አይገባም። ማውጫ ሆኖ ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር። ታካሚው የካርድ ቁጥሩን ቤት ረስቶ ሲመጣ ካርድ ክፍሎች ሌላ አዲስ ካርድ ያወጡለታል። የአንድ ሰው ታሪክ ለሦስት ፋይል የሚከፈለው እንዲህ ነው። በስም መፈለግ አያስተማምንም። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ የሚለውን ኮምፒውተሩ እንደ ሦስት ሰው ነው የሚያየው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ጭራሽ ነው። በስልክ ቁጥር ፈልጉ። ልጆች በወላጅ ስልክ ስለሚመዘገቡ የሚመጣው የቤተሰብ ዝርዝር ይሆናል፤ ከዚያ መምረጥ ቀላል ነው።

ሙሉ ሶፍትዌር ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰርቨሩ (መረጃው የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር) እናንተው ቤት የሚቀመጥ፣ ሌላው በኢንተርኔት የሚሠራ። የመጀመሪያው ኔትወርክ ቢጠፋም በግቢው ውስጥ ይሠራል። ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ)፣ ባክአፕ (የመረጃ ቅጂ) እና የሚጠራ ቴክኒሻን ይፈልጋል። ሁለተኛው መነሻ ወጪው ዝቅ ይላል፣ ባክአፑም የአቅራቢው ሥራ ነው። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ግን ሁሉም ዶክተር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መስመሩ በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት ሰፈር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

"ነጻ አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለ። ኦፕን ኤምአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕክምና መዝገብ ነው። ባህምኒ ደግሞ በእሱ ላይ ተሠርቶ ላብንና ሒሳብን ይጨምራል፤ መነሻው ሕንድ ገጠር ውስጥ ያለ ሆስፒታል ነው። ለፈቃድ አትከፍሉም። ለሚተክለው፣ ለሚያስተካክለውና ለሚያሠለጥነው ሰው ግን ትከፍላላችሁ። አልጋ ላለው ተቋም ያዋጣል። ለሁለት ዶክተር ክሊኒክ ከበደ።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጭ አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2016 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒውተር መዝገብና በጠረጴዛ ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። እዚያ የኢንሹራንስ ጉዳይ ስላለ እንዳለ ወደ እኛ አይመጣም። ግን በሁለት ጣት የሚተይብ ዶክተር ካላችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ሶፍትዌሩን ከዶክተሩ አትጀምሩ። ከካሸርና ከላብ ጀምሩ። ማዘዣው ከካሸር ወደ ላብ፣ ውጤቱ ከላብ ወደ ዶክተሩ ስክሪን ሲሄድ ነው ምልልስ የሚቀንሰው። የሐኪሙ ማስታወሻ ለጊዜው በወረቀት ቢቀጥል ምንም አይደል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ውላችን ቢቋረጥ የታካሚዎቼን መረጃ በምን መልክ ትመልስልኛለህ? ለጤና ቢሮ የሚላከውን ወርኃዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ ወር ያወጣል ወይ? ማን ምን እንዳየ መዝግቦ ያስቀምጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ለወግ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። በአንድ ይለፍ ቃል ሁሉም ሠራተኛ የሚገባበት ሲስተም ራስ ምታት ነው የሚያመጣባችሁ።

ሰው መጨመርስ?

አንዳንዴ መልሱ እሱ ነው። ሰዓት የጻፋችሁበት ወረቀት ረጅሙ ጥበቃ ዶክተር በር ላይ እንደሆነ ካሳየ፣ ከትሪያጅ እስከ ዶክተር ያለውን ሥራ የሚያቀል አንድ ሲስተር ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ግፊት፣ ሙቀት፣ ክብደት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አለርጂ፤ ይህ ሁሉ ካርዱ ላይ ሰፍሮ ታካሚው ሲገባ ዶክተሩ በቀጥታ ወደ ሕመሙ ይሄዳል። ጥበቃው ካሸር ጋ ከሆነ ግን ሲስተር መጨመር ታካሚን ቶሎ ወደ ካሸር ወረፋ ማድረስ ብቻ ነው።

ለምርመራ ክፍሎቹ ደግሞ ካይዘን ከሚሉት የጃፓኖች ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ ውስጥ ዕቃን በቦታው የማስቀመጥን ልማድ ሞክሩ። ግፊት መለኪያ ፍለጋ ከክፍል ክፍል የሚዞር ዶክተር ካለ ሁለተኛ መግዛቱ ርካሽ ነው።

በጠቅላላው እንዲህ እመድበዋለሁ። አንድ ሐኪም ብቻ ያለው ትንሽ ክሊኒክ ከሆናችሁ ወረቀቱን አስተካክሉ፣ የኤክሴል ማውጫ ይኑራችሁ፣ በስልክ ማስከፈል ጀምሩ፤ ይበቃል። ሁለት ሦስት ዶክተርና ላብ ካላችሁ የካሸሩን መስኮት ክፈሉ፣ የውጤት ደንብ አውጡ፣ የክትትል ቀጠሮ ጀምሩ፤ ከዚያ ካሸርና ላብን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ግዙ። አልትራሳውንዱ፣ ኤክስሬዩና የድርጅት ውሉ የበዛ ከፍ ያለ ተቋም ከሆናችሁ ሙሉ ሲስተም ያስፈልጋችኋል፤ እሱንም ቢሆን በአንድ ቀን ሳይሆን ክፍል በክፍል አስገቡት፤ ወረቀቱ ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን ይቀጥል።